እግር እስከሚደርስበት

ነሐሴ በእኛ ዘንድ የጠራራ ወር ነው፣
ብረት ማቅለጫው ዘግቶ አባቴን የሚለቀው።
ከሚሽኮልትስ ወጣን በአሮጌዋ ሽኮዳ፣
ጣሪያዋ ላይ ድንኳን፣ ከኋላዋ ጓዳ፤
እናቴ ጭን ሐብሐብ፣ እኔ እግር ሥር ድስት፣
ቾንጎር በየመንደሩ «ደረስን ወይ?» ሲልበት።

ባላቶን ስንደርስ፣ ሐይቁ ወተት መስሎ፣
ከሰማይ ተጋብቶ ድንበሩን ጠቅልሎ፣
መቶ ድንኳን ቆሞ፣ መቶ ፎጣ ተሰቅሎ፣
ከላንጎሽ መጥበሻው ነጭ ሽንኩርት አይሎ፣
አባቴ ይወርዳል፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣
አየር ይስባል ደረቱን ነፍቶ፤
«ልጆች፣ ይኸው ባሕር!» ይላል፣
                    ራሱ እንደ ሠራው ኮርቶ።

ድንኳን ሲተክል ግን ትዕግሥቱ ያልቃል፤
ካስማ ይጎድለዋል፣ መዶሻው ይወድቃል፤
አጎቴ ኦዶን «በግራ ነው» ይለዋል፣
እሱ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል።

ዋና ያስተማረን እሱ ነው።
ውሃው ደረቱ ላይ፣ መዳፉ ከሆዴ ሥር፦
«አገጭ ወደ ላይ፣ ኢቦያ! አትፍሪ!
ውሃ የሚውጠው ፈሪን ብቻ ነው።»

ደቡብ ዳሩን ላላየ ልንገር፦
ሩብ ሰዓት ብትሄድ እምብርትህን አያልፍም፤
ሽማግሎች ውሃ ውስጥ ቆመው ቼዝ ይጫወታሉ።
በዚያ ውሃ አባቴ ጌታ ነበር፤
ክንዱን እያፈራረቀ፣ እንደ በሬ እየተነፈሰ፣
እያንቦራጨቀ፣ ዳር እስከ ዳር።

እናቴ ፒሮሽካ በታጣፊ ወንበር፣
መነጽር አድርጋ እንቆቅልሽ ትሞላ ነበር።
«ነይ እንጂ!» ስንላት፣ «ፀጉሬ ይበላሻል»።
ውሃ ትፈራለች ብለን አመንን።
እሷም አላስተባበለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣
ሰማዩ ከኋላችን ጠቆረ፤ ነፋሱ ከየብስ ተነሣ።
ቀይ ሮኬት ተተኮሰ።
ሰው ሁሉ ፎጣውን ሰብስቦ ሲሮጥ፣
«ቾንጎርስ?» አለች እናቴ፣ እርሳሷን ሳታስቀምጥ።

ቾንጎር በተነፋ ፍራሽ ላይ ነበር፤
እንደ ወረቀት ጀልባ ወደ መሃል ይሄዳል።

አባቴ ሮጠ፤ ውሃውን እየቀደደ።
ጉልበቱ። ወገቡ። ደረቱ።
ከዚያ አገጩ።
ከዚያ ቆመ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ እግሩ መሬት ይረግጥ ነበር።
ሁልጊዜ። በየበጋው። ያ ሁሉ መንቦራጨቅ
በእግር መሄድ ነበር።

ፊቱን ወደ ዳር አዞረ። አልጮኸም፤
ስሟን ብቻ አለ።

መነጽሯ ሣሩ ላይ ወደቀ።
በአበባማ ቀሚሷ፣ ሰዓቷን እንኳ ሳትፈታ ገባች፤
ውሃው ጭኗ ጋ ሲደርስ ተኛችበት።
ድምፅ የለ፣ አረፋ የለ፤
ክንድ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣
መቀስ ሐር እንደሚቆርጥ።
በአጠገቡ አልፋ ሄደች፤ አልተያዩም።

የፍራሹን ገመድ በጥርሷ ነክሳ ተመለሰች፤
እሱ እስከቆመበት ስትደርስ አቀበለችው፦
«ያዝ ደዤ፤ ከዚህ ወዲህ ያንተ ነው።»
ዳር ላይ ሰው ሲያጨበጭብ
ልጁን በትከሻው ይዞ የወጣው እሱ ነበር።

ማታ ዘነበ። ሐብሐቡን ቆረጥን፤
ኦዶን እንኳ አፉ ተዘግቶ ልጣጩን ሲግጥ አመሸ።
የተኛሁ መስሏቸው፦
«የት ተማርሽው?»
«ሶልኖክ፣ ወንዙ ላይ። ካንተ በፊት።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ቆየ።
«ልጆቹን ስታስተምር… ደስ ይልህ ነበር።»

ሊነጋጋ ሲል ሽንቴ ቀሰቀሰኝ።
ሐይቁ ገና አልተነካም፤ ሁለት ራስ ብቻ።
አባቴ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሆዱ በእናቴ መዳፍ ላይ፣
«አገጭ ወደ ላይ» ትለዋለች፤ «አትፍራ»።
ባዶ እግሬን ከእርጥቡ ሣር ላይ ቆሜ ቆጠርኩለት፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
አራት ላይ እግሩ መሬት ነካ፤
ሁለቱም ሲስቁ ውሃ ዋጡ።